የደሴና የኮምቦልቻ የነገ ውሃ፦ የቦርከናን ተፋሰስ በጋራ ለማቀድ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ስር ባለ አንድ ሰፈር፣ አንዲት እናት ቧንቧቸውን ከፍተው ነው የሚተኙት። ከቧንቧው ስር የብረት ሳፋ ያስቀምጣሉ። ሌሊት ውሃው ሲመጣ ሳፋው ይጮህና ይቀሰቅሳቸዋል። «እማማ፣ ድንገት ካልነቁስ?» አልኳቸው። «ካልነቃሁማ ልጄ፣ ውሃውን ግቢው ይጠጣዋል፤ እኛ ደግሞ ቀጣዩን ፈረቃ እንጠብቃለን» አሉኝ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያን ሳፋ እያሰብኩ ነው። የጻፍኩትም በከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት፣ በወረዳና በዞን የውሃ ጽሕፈት ቤቶች ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም እቅድ ሲቀርብላችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ማወቅ ለምትፈልጉ የነዋሪ ተወካዮች ነው። ውሃ ባጠረ ቁጥር አንድ ጉድጓድ እየቆፈሩ መሄድ እቅድ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ የአንድ ወንዝ፣ የቦርከና፣ ልጆች ናቸው፤ የሚያቅዱትም አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከ20 ዓመት ያላነሰ ጊዜ አሻግረው እያዩ መሆን አለበት።

እርምጃ 1፦ ከከተማው ወሰን በፊት የውሃውን ወሰን አስምሩ

የመጀመሪያው ሥራ ካርታ ነው። ደሴ የተቀመጠችው የአዋሽና የዓባይ ተፋሰሶች ከሚለያዩበት ጀርባ አጠገብ ነው። ቦርከና ከደጋው ተነስቶ ደሴን ያቋርጣል፤ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ የጨፋን ሜዳ እያረሰረሰ በከሚሴ በኩል አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ የቀነሰ ወይም የተበከለ ውሃ በሌላ ትልቅ ወንዝ አይካካስም፤ ታች ያለው ሰው ጉድለቱን እንዳለ ይቀበለዋል።

ካርታው ላይ ምንጮችን፣ ጉድጓዶችን፣ የመስኖ ጠለፋዎችን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ መውጫዎችንና የቆሻሻ መጣያ ቦታዎችን በጂፒኤስ እየለካችሁ አስገቡ። ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ከፍታውን ጻፉ። ደሴ በግምት 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። ይህ የ650 ሜትር ልዩነት ወደፊት ስለ ገንዘብ ስናወራ ዋናው ቁጥር ይሆናል።

እርምጃ 2፦ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡትን ለዩ

የሁለቱ ከተሞች ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች፣ የደቡብ ወሎና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች፣ የክልሉ ውሃና ኢነርጂ ቢሮ፣ በውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በኩል ደግሞ የአዋሽ ተፋሰስን የሚከታተለው ክፍል መኖር አለባቸው። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም። የሚረሱት የመስኖ ውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት፣ ፋብሪካዎችና በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጨፋ የሚመጡት የአፋር አርብቶ አደሮች ናቸው። የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534/1999 የወጣው ለዚሁ ነው፤ ወንዙን እንደ አንድ አካል ለማስተዳደር። ስብሰባው ከመጠራቱ በፊት ግን መረጃውን አዘጋጁ። ቁጥር የሌለበት ስብሰባ በመወቃቀስ ያልቃል።

እርምጃ 3፦ ፍላጎቱን አስሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደሴ ከተማ ነዋሪ 120,095፣ የኮምቦልቻ ደግሞ 58,667 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ አንድ የእድገት መጠን መርጦ መጓዝ አደገኛ ነው። ቢያንስ ሁለት መንገድ አስሉ። ደሴን በዓመት 3 በመቶ ብታሳድጓት በ2037 ዓ.ም. 369,000 ያህል ሰው ይኖራታል፤ በ4 በመቶ ግን 533,000 ይደርሳል። በአንዲት መቶኛ ብቻ የ164,000 ሰው ልዩነት መጣ ማለት ነው። የትኛው እንደሚቀርብ ለማወቅ የመብራት ደንበኞችን ቁጥር፣ የትምህርት ቤት ምዝገባንና የሳተላይት ምስል ላይ የሚታየውን የቆርቆሮ ጣሪያ ብዛት አመሳክሩ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈናቃዩ ደሴን እንዴት እንዳጥለቀለቃት ያየን ሰዎች፣ ከተማ በመቶኛ ብቻ እንደማያድግ እናውቃለን። ለእንዲህ ያለው ድንገተኛ ጭነት መጠባበቂያ ለብቻው ያዙ።

ከዚያ የነፍስ ወከፍ መጠኑን አስገቡ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ መለኪያ መሠረት ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ላለው ከተማ በቀን 80 ሊትር፣ ከ50,000 እስከ 100,000 ላለው 60 ሊትር፣ ለገጠር ደግሞ 25 ሊትር ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ያለውን ወጥመድ ልብ በሉ። ነዋሪዋ 58,667 ሲሆን ስሌቱ በ60 ሊትር ነው፤ 100,000ን ስትሻገር ወደ 80 ሊትር ትዘላለች። ሕዝቧ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልጋት ውሃ 2.7 እጥፍ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሲታከሉበት የኮምቦልቻ ቁጥር ከደሴ ቁጥር በፍጥነት ቢሮጥ አይድነቃችሁ። የፋብሪካ ፍላጎትን በመቶኛ አትገምቱ፤ በየበሩ እየሄዳችሁ የቆጣሪያቸውንና የራሳቸውን ጉድጓድ ንባብ ጠይቁ።

አንድ ምሳሌ በደሴ ላይ አብረን እንሥራ። 369,000 ሰው በ80 ሊትር ሲባዛ በቀን 29,500 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ለሆስፒታል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴልና ለንግድ 30 በመቶ ጨምሩበት፤ 38,400 ገደማ ይመጣል። በመስመር ላይ የሚባክነው ከሚመረተው 25 በመቶ ነው ብንል፣ 38,400ን ለ0.75 አካፍሉ፤ 51,200 ሜትር ኩብ ያህል መመረት አለበት ማለት ነው። ውሃ በብዛት የሚፈለግበትን ቀን ለመሸፈን በ1.2 ስታባዙት ወደ 61,400 ይጠጋል። የ30፣ የ25 እና የ1.2 ግምቶች የእኔ ማስተማሪያ ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ መረጃ ተኩዋቸው።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት የሽያጭ መዝገብን እንደ ፍላጎት መውሰድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ መዝገቡ የሚያሳየው የደረሰውን እንጂ የተፈለገውን አይደለም። ከጋሪ የሚገዛው ጀሪካን፣ ከጎረቤት የሚቀዳው፣ ልብስ ሳይታጠብ ያለፈው ሳምንት አይመዘገቡም። ለዚህ ቤት ለቤት መጠየቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

እርምጃ 4፦ አዲስ ውሃ ከመፈለጋችሁ በፊት የጠፋውን ፈልጉ

ከላይ ባለው ምሳሌ ብክነቱ 25 ሳይሆን 40 በመቶ ቢሆን ደሴ በቀን 64,000 ሜትር ኩብ ማምረት ነበረባት። ልዩነቱ 12,800 ሜትር ኩብ ነው። በሴኮንድ 20 ሊትር እየሰጠ በቀን 20 ሰዓት የሚሠራ ጉድጓድ በቀን 1,440 ሜትር ኩብ ያወጣል። ስለዚህ ብክነትን መቀነስ ማለት ዘጠኝ ያህል ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ማለት ነው፤ ያውም ፓምፕም፣ መብራትም፣ የመሬት ካሳም ሳይጠይቅ።

ትንሽ ቀዳዳ አትናቁ። ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ በ50 ሜትር የውሃ ከፍታ ግፊት በቀን 5 ሜትር ኩብ ያህል ታፈሳለች፤ የ60 ሰው የቀን ድርሻ መሆኑ ነው። ደሴ ደግሞ ተዳፋት ናት። ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ታች ሰፈር ሲደርስ ግፊቱ ከተገቢው በላይ ይሆናል። መሬቱ የሚንሸራተትበት ቦታም ብዙ ነው፤ አፈሩ በክረምት በቀስታ ሲንቀሳቀስ ቧንቧው ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ስለዚህ የጥገና መዝገቡን አውጡና የተሰበሩትን ቦታዎች ካርታ ላይ በነጥብ አስቀምጡ። ነጥቦቹ የሚከማቹበት ቦታ ላይ ወይ ግፊት መቀነሻ ይገባል፣ ወይ መስመሩ ከሚንሸራተተው መሬት ይወጣል።

ለመለካት የተለመደው ዘዴ ሌሊት ሰው ሲተኛ ወደ ሰፈሩ የሚገባውን ውሃ ማየት ነው። በፈረቃ በሚኖር ከተማ ግን ይህ ያሳስታል፤ ሌሊት ሮቶ የሚሞላበት ሰዓት ነውና። የሚበጀው አንድ ሰፈር መርጦ ቫልቮቹን መለየት፣ ሦስት አራት ቀን ውሃ ሳያቋርጡ መስጠትና ሮቶዎቹ ሁሉ ሞልተው ሳፋዎቹ ዝም ካሉ በኋላ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ቆጣሪውን ማንበብ ነው። ያን ጊዜ የሚያልፈው ውሃ በአብዛኛው ብክነት ነው። በፈረቃ መጀመሪያ ላይ በመስመሩ የሚገፋው አየርም የደንበኛን ቆጣሪ ያዞራል፤ ነዋሪው «ያልጠጣሁትን ከፈልኩ» ሲላችሁ አምናችሁ አጣሩ።

እርምጃ 5፦ ያለውን ውሃ በደረቁ ወር ለኩ

ቦርከናን በነሐሴ የለካ ሰው ስለ ቦርከና የሚያውቀው ጥቂት ነው። መለካት ያለበት በጥር፣ ከዚያም ከበልግ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት መጨረሻ ነው። በተለይ በልግ የከዳ ዓመት ካጋጠማችሁ ልኬቱን አትለፉት፤ እቅዱ መቻል ያለበት ያን ዓመት ነውና።

መሣሪያ ከሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚፈስበት ቦታ ፈልጉና 10 ሜትር በገመድ ለኩ። ስፋቱን፣ ከዚያም በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀቱን ውሰዱና አማካዩን አውጡ። ከላይኛው ገመድ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ብርቱካን ጣሉ፤ ከገመድ ወደ ገመድ የወሰደበትን ጊዜ አምስት ጊዜ መዝግቡ። ብርቱካን ከላባ ወይም ከደረቅ ቅጠል የሚሻለው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰጥምና ነፋስ ስለማይወስደው ነው። ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጊዜው 25 ሴኮንድ ቢሆን፦ የላይኛው ፍጥነት በሴኮንድ 0.4 ሜትር ነው። የታችኛው ውሃ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት፣ 0.34 ይሆናል። በ0.36 ካሬ ሜትር ስፋት ሲባዛ በሴኮንድ 122 ሊትር ይመጣል። ለምንጭ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል፤ በ8 ሴኮንድ ከሞላ 2.5 ሊትር በሴኮንድ ነው።

የከርሰ ምድር ውሃ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቦርከና ሸለቆ ወለል ላይ ወንዙ ያመጣው ደለል ውሃ ይይዛል፤ በዙሪያው ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ስንጥቅ ባለበት ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጎረቤቱ ጉድጓድ ሰጠ ተብሎ ይህኛውም ይሰጣል ማለት አይቻልም። የፓምፕ ሙከራ፣ ማለትም ጉድጓዱን እየሳቡ የውሃውን መውረድ መለካት፣ በበጋ 72 ሰዓት ሳይቋረጥ ይካሄድ። ፓምፑ ከቆመ በኋላ ውሃው ወደ ነበረበት እስኪመለስ ድረስም ይለካ። በሙከራው ጊዜ በአካባቢው ያሉ ሌሎች ጉድጓዶችን የውሃ ከፍታ መመዝገብ አትርሱ።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። አንድ ጊዜ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ በቅርብ ርቀት ሁለት ጉድጓድ አስቆፈሩ። ሁለቱም በየራሳቸው ሙከራ ጥሩ ሰጡ፤ በየራሳቸው ተመረቁ። በአንድ ላይ ሲሠሩ ግን አንዱ ሲበራ የሌላው ውሃ ይወርዳል፤ ፓምፑ አየር እየሳበ ይንቀጠቀጣል። ለሁለተኛው ጉድጓድ የወጣው ገንዘብ የመጀመሪያውን ውሃ ለሁለት ከማካፈል አልዘለለም። እስካሁን ያቃጥለኛል።

እርምጃ 6፦ ጥራቱን ከብዛቱ አትለዩ

ኮምቦልቻ ውስጥ ለዮሌና ወርቃ የተባሉት ገባሮች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ነው ቦርከና የሚደርሱት። የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የብረት ሥራ እያንዳንዱ የየራሱን ይጥላል። የቆዳ ማልፊያ ክሮሚየም በተለይ መታየት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። የደሴ መጸዳጃ ቤት ፍሳሽም በቦርከና ይወርዳል፤ ኮምቦልቻን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው።

ናሙና ስትወስዱ አንድ ቦታ አይበቃም፦ ከደሴ በላይ፣ ከደሴ በታች፣ ለዮሌና ወርቃ ከመቀላቀላቸው በፊትና በኋላ፣ ከዚያ ጨፋ መግቢያ ላይ። ፋብሪካ ቀን ቀን የማያፈስሰውን ሌሊት ሊያፈስስ ስለሚችል ናሙናው በሌሊትም ይወሰድ። በጉድጓዶቹ ውስጥ ናይትሬት (ጣሪያው በሊትር 50 ሚሊ ግራም) እና ፍሎራይድ (1.5 ሚሊ ግራም) ይመርመሩ። ናይትሬት ከፍ ካለ ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤቶች ጋር እየተገናኘ ሊሆን ይችላል። የተበከለ ውሃ በቁጥር ሰንጠረዡ ላይ «ያለ ውሃ» ተብሎ መግባት የለበትም።

እርምጃ 7፦ ለታችኛው አስቀሩ

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የቤት ፍጆታን ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የሚሆነውን ያህል በጨፋ ለሚጠጣውም ገበሬና አርብቶ አደር ይሆናል። ስለዚህ ከግንቦቱ ልኬት ላይ መጀመሪያ ለታችኛው መጠጥና ለወንዙ ሕይወት የሚቀረውን ቀንሱ፤ የምታቅዱበት የተረፈው ነው። ጨፋ በድርቅ ዘመን የከብት መጠጊያ ነው። እርጥበቱ ከጠፋ ጥሉ ውሃ ዳር እንደሚጀምር ማንም የአካባቢው ሽማግሌ ይነግራችኋል።

እርምጃ 8፦ አማራጮችን በከፍታ መዝኑ

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከኮምቦልቻ ደረጃ ወደ ደሴ 650 ሜትር ለማንሳት በንድፈ ሐሳብ 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የፓምፑን ድካም ስትጨምሩበት 2.7 ገደማ ይሆናል። 51,000 ሜትር ኩብ በዚህ መንገድ ቢመጣ በየቀኑ ወደ 138,000 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ማለት ነው፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ከተማው ይጠማል። ለዚህ ነው ከደሴ በላይ ወይም ጎን ያለ፣ በራሱ ክብደት የሚወርድ ምንጭ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም በክብር መያዝ ያለበት። የአማራጮቼ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ብክነት መቀነስ፤ በስበት የሚመጡ ምንጮችን ማጎልበት፤ በቅርብ ከፍታ ያሉ ጉድጓዶች፤ ከሩቅና ከታች የሚገፋ ውሃ በመጨረሻ።

ግድብ ሲታሰብ የደለሉን ነገር አስቀድሙ። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው የወሎ ጎርፍ ማጠራቀሚያን በአጭር ዓመታት ይሞላል፤ እርከንና የዛፍ ሽፋን ከግንባታው ቀድመው በጀት ይያዝላቸው። እርከኑ ውሃውን መሬት ውስጥ ስለሚያሰርግ ምንጮቹንም ይረዳል።

የጣሪያ ውሃ ለከተማ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግን ትልቅ ድጋፍ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ1,000 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብ፣ 20 በመቶው ቢባክን፣ 48 ሜትር ኩብ ይሰበስባል። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ ችግሩ ጣሪያው ሳይሆን ታንከሩ ነው። ፋብሪካዎችም የመጠጥ ውሃ ለማያስፈልገው ሥራቸው የታከመ ፍሳሽ መልሰው እንዲጠቀሙ ከፈቃዳቸው ጋር ተያይዞ ይጠየቁ።

እርምጃ 9፦ ክፉውን ዓመት ጻፉበት

ወሎ 1966ን እና 1977ን አይረሳም፤ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ትናንት ነው። እቅዱ ሁለት በልግ በተከታታይ ቢከዳ፣ ዋናው ፓምፕ ለሳምንት ቢቆም፣ 50,000 ተፈናቃይ በወር ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ ይወስን፦ የትኛው ፋብሪካ መጀመሪያ ይቀንሳል፣ የትኞቹ ቦኖዎች አይዘጉም፣ ሆስፒታሉ በየትኛው መስመር ያገኛል፣ ጀኔሬተሩ የት ነው፣ ነዳጁን ማን ይይዛል። ይህን ችግሩ ሲመጣ ልወስን የሚል ሰው ሁልጊዜ ድሃውን ሰፈር ነው የሚዘጋው።

እርምጃ 10፦ ለዓመት ሳይሆን ለምልክት አስተሳስሩት

«በ2022 ጉድጓድ፣ በ2027 ግድብ» ብሎ መጻፍ ሕዝቡ ፈጥኖ ካደገ ይዘገያል፤ ቀስ ካለ ደግሞ ግንባታው ያለ ሥራ ቆሞ ብድሩ ወለድ ይቆጥራል። ይልቁንም «ከፍተኛው የቀን ፍላጎት ካለው አቅም 85 በመቶ ሲደርስ የሚቀጥለው ምንጭ ጥናት ይጀመር»፣ «የጉድጓዱ የበጋ የውሃ ከፍታ ለሦስት ዓመት በተከታታይ ከወረደ አዲስ ፈቃድ ይቁም» ብላችሁ ጻፉ። ታሪፉም የፓምፕ መለወጫውን እንዲሸፍን ሆኖ፣ የቦኖው ጀሪካን ዋጋ ግን ከቤት ቧንቧ እንዳይበልጥ ይታሰብ። እቅዱን በየአምስት ዓመቱ ከፍታችሁ ቁጥሮቹን እንደገና ሥሩ።

መጀመር ለምትፈልጉ ሥራው ነገ ጠዋት ይቻላል። ቦርከና ላይ ሦስት ድልድይ ምረጡ፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ወደ ጨፋ መውጫ። ምሰሶው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በቀይ ቀለም መስመር ስቡ። በየድልድዩ አጠገብ ለሚኖር አንድ ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥታችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በየቀኑ እንዲያነብ ተስማሙ፤ ጥቂት የኪስ ገንዘብም ይታሰብለት። ብርቱካኑን ይዛችሁ በወር አንድ ጊዜ ሂዱና መስመሩን ከፍሰቱ ጋር አገናኙ። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ይቀመጥ።